ቄራ የሚጥለው ሽልና የቦረና ከብት ነገ

የቦረና ከብት ከነገሌ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ሜዳ ተነሥቶ ብዙ አገር ረግጧል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች ከደቡብ ኢትዮጵያ የሚወርደውን ከብት ከነጋዴ እየገዙ አራቡት። እ.ኤ.አ. በ1951 የራሱን የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት፤ ስሙንም «ቦራን» ብለው መዘገቡት። ከኬንያ ወደ ዛምቢያ፣ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ አውስትራሊያውያን ዝርያውን ወደ አገራቸው ሲያስገቡ ከብቱን በመርከብ መጫን እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ሽሉን ብቻ ወሰዱ። መንጋ የሚሆን ዘር በአንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሆኖ ውቅያኖስ አቋረጠ።

በትውልድ አገሩ የሆነው ሌላ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ። ቦረና «ገና» የሚለው ዋናው ዝናብም፣ «ሐጋያ» የሚለው አጭሩም ቀረ። ከብቱ በየኤላው ዙሪያ ረገፈ። ስለ ድርቁ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መኖ፣ ስለ እርዳታ። ከረገፈው መንጋ ጋር ምን ዓይነት ዕውቀት አብሮ እንደሚቀበር ግን የጠየቀ ጥቂት ነው።

የዛሬው የእንስሳት ሳይንስ ከብትን የሚመዝነው በሥጋው ኪሎና በወተቱ ሊትር ብቻ አይደለም። ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ ከባቄላ ፍሬ ያልበለጠ ሽል ሆኖ፣ የትኛው ጂን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የአካሉ ክፍል ሥራ እንደሚጀምር በባለ ሦስት አውታር ምስል ያየዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ብርቁ ነገር ማሽኑ አይደለም። ብርቁ ነገር ዕድሜው የታወቀ፣ በአግባቡ የተያዘ፣ ከአይጥ ሌላ የሆነ እንስሳ ሽል ነው። ያንን ደግሞ የደቡብ ቆላ ከተሞች ቄራዎች ከጨጓራ እዳሪ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉታል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

በአንድ ላም አካል ውስጥ ያለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዟል። የጉበቱም፣ የቀንዱም፣ የሰኮናውም ሕዋስ የያዘው መጽሐፍ አንድ ነው። ጉበትን ጉበት፣ ሰኮናን ሰኮና የሚያደርገው ከመጽሐፉ የትኛው ገጽ እንደተገለጠ ነው። ጂን ሥራ ሲጀምር አርኤንኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል። ተመራማሪዎች ከዚያ ቅጂ ጋር ብቻ የሚጣበቅ መለያ ያዘጋጃሉ፤ መለያው ቀለም ወይም ብርሃን ይሰጣል። ሽሉ በዚህ ሲነከር፣ ጂኑ የበራበት ቦታ ብቻ ይደምቃል።

ድሮ ይህን ለማየት ሽሉ በሰም ውስጥ ይቀበርና እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ ይቆረጥ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዚያ ቁራጩን ሁሉ መልሶ በሐሳብ መገጣጠም የተመራማሪው ፈንታ ነው። ቁራጩ ይጨማደዳል፣ ይጣመማል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ሽል ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር አይደለም። ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፤ ዛሬ ጎን ላይ ያለው ነገ ወደ ውስጥ ይገባል። በጠፍጣፋ ሥዕል ብቻ ይህን መከተል ለባለሙያም ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በኤድንብራ፣ ስኮትላንድ፣ ጄምስ ሻርፕና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ። ሽሉን ሳይቆርጡ በኬሚካል እንደ መስታወት እንዲያሳልፍ ያደርጉታል። ከዚያ በቀስታ እያዞሩ ከየአቅጣጫው በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ያነሡታል። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሰብስቦ፣ በሆስፒታል ሲቲ ስካን በሚሠራበት ስሌት፣ ሙሉ ቅርጹን ይገነባል። በስክሪኑ ላይ ሽሉ ይዞራል፣ ይከፈታል፣ ከውስጡ ይታያል፤ የበራው ጂንም ቦታውን ሳይለቅ ይታያል። ዘዴው «ኦፕቲካል ፕሮጄክሽን ቶሞግራፊ» ይባላል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላለ ሽል ተስማሚ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በሃይደልበርግ፣ ጀርመን፣ ያን ሁይስከን፣ ኤርንስት ስቴልዘርና ባልደረቦቻቸው ስስ የብርሃን ሽፋን እያሳለፉ ሕያው ሽል ሳይጎዳ የሚያይ ማይክሮስኮፕ ይዘው መጡ።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ያረፈው በአይጥ ላይ ነው። የኤድንብራው የአይጥ አትላስ ከቀን ወደ ቀን የሚያድገውን የአይጥ ሽል በባለ ሦስት አውታር አስቀምጦ፣ የየትኛው ጂን ቦታ የት እንደሆነ መዝግቦ ለማንም ክፍት አድርጎታል። አይጥ የምትወልደው በ20 ቀን ገደማ ነው፤ በትንሽ ሳጥን ትረባለች፤ ዕድሜዋ በሰዓት ይቆጠራል። ላም ከ9 ወር በላይ፣ ግመል 13 ወር ገደማ ትሸከማለች። ስለዚህ ላምም ግመልም እንደ አይጥ ያለ የተሟላ አትላስ የላቸውም። ስለ እነርሱ የሚታወቀው እዚህና እዚያ ከተገኘ ሽል የተሰበሰበ ነው።

የላምና የግመል ጣት

ለነገሌ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ላምም ግመልም የሚራመዱት በሁለት ጣት ነው። የጥንት ቅድመ አያቶቻቸው ግን 5 ጣት ነበራቸው። ሦስቱ የት ሄዱ?

እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ የ«ኔቸር» መጽሔት እትም ላይ ሁለት ጥናቶች ታተሙ። የመጀመሪያው የስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሥራ ነው። ቡድኑ የላምን ሽል የእግር እንቡጥ ከአይጥ ጋር አነጻጸረ። በሁለቱም «ሶኒክ ሄጅሆግ» የሚባለው ጂን ለጣቶቹ ትእዛዝ ያስተላልፋል። በአይጥ ላይ ትእዛዙን የሚቀበለው «ፓችድ» የሚባለው ጂን እዚያው ቦታ ላይ ደምቆ ይበራል። በላም ላይ ግን በሚገባው ልክ አልበራም፤ በዚህ ምክንያት የጣቶቹ ድርድር ከመነሻው ተቀየረ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጂኑ ሥራ አልተበላሸም። የተለወጠው በእግር እንቡጥ ውስጥ ብቻ የሚያበራው ማብሪያ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የሃርቫርድ ቡድን መሪነት ያለበት ሲሆን አሳማን፣ ፈረስን፣ ግመልንና ጀርቦአ የምትባለውን የበረሃ ዘላይ አይጥ ተመለከተ። የአሳማው መንገድ የላሙን ይመስላል። በፈረስና በግመል ግን መነሻው እንደተለመደው ነው፤ ጣት ሊሆኑ የነበሩት ሕዋሶች ኋላ ላይ ይሞታሉ። ሁለት ጣት ያላቸው ላምና ግመል፣ አንዱ ከጅምሩ ሳይሠራ፣ ሌላው ጀምሮ አፍርሶ፣ ወደ አንድ ዓይነት እግር ደረሱ። ያደጉትን እንስሳት እግር ብቻ እያየ ይህን የሚለይ ሰው የለም። የዲኤንኤ ፊደላቸውን ብቻ ቢያነብም አይደርስበትም። ማየት የሚቻለው በሽሉ ውስጥ፣ በትክክለኛው ሳምንት፣ ጂኑ በሚበራበት ቦታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆረቁራል። ከግመሉ ጥናት ተባባሪዎች አንዷ በዱባይ የግመል መራቢያ ማዕከል የምትሠራ ሳይንቲስት ነበረች። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ ግመል ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። በቦረና፣ በጉጂና በሶማሌ ቆላ ግመል የቤት ምሰሶ ሆኗል፤ ድርቁ ሲደጋገም ከላም ወደ ግመል የዞረውም ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለ ግመል ሽል ጥያቄ ሲነሣ ግን የዓለም ሳይንቲስት ስልክ የሚደውለው ወደ ዱባይ ነው። ዱባይ ሽሉን ይዛለች፣ መዝግባለች፣ የምትሰጥበትንም ሥርዓት ሠርታለች። ልዩነቱ በግመል ብዛት አይደለም።

ከጣት ወደ ሙቀት

«የላም ጣት ታሪክ ለአርብቶ አደሩ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ሙቀት ላይ ነው።

ላም ተጠቅታ ሳትይዝ ስትቀር ብዙ ሰው «አልያዘችም» ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ግን ይዛ ነበር፤ ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ማንም ሳያየው ሞቷል። ከገዳዮቹ አንዱ ሙቀት ነው። ከተጠቃች በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሽሉ ጥቂት ሕዋስ ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ ከሁሉ የከፉ ናቸው። በድርቅ ዓመት አርብቶ አደሩ የሚያጣው የሚታየውን የከብት ሬሳ ብቻ አይደለም። ያልተወለደው ጥጃ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መንጋው ተመልሶ የሚቆምበትን ዓመት የሚያራዝመው ግን እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሽሎችን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በ41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አቆዩ። ብራህማን የተባለው ሻኛም ዝርያ ሽል ከአውሮፓ ዝርያው ሽል የተሻለ ቻለ። ስለዚህ የቆላ ከብት ሙቀት መቻሉ ከላቡና ከቆዳው ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ገና ቆዳ ሳይኖረው፣ ሽል ሳለ ይጀምራል። ሌላም ነገር ታየ፤ የመቻሉ ኃይል የሚያመዝነው ከወንዴው ዘር ሳይሆን ከእንቁላሉ፣ ማለትም ከእናት ወገን ነበር።

ይህ ለቦረና ሽማግሌ እንግዳ ነገር አይሆንም። ቦረና ግዙፉን ከብት «ቆርቲ»፣ አነስ ያለውን «አዩና» ብሎ ይለያል፤ የላሙን የዘር ሐረግም በእናት መስመር ይቆጥራል። የፍሎሪዳው ውጤት የሽማግሌውን ዕውቀት አረጋገጠ ማለት አይደለም፤ የተሞከረውም ብራህማን እንጂ የቦረና ከብት አይደለም። ግን ጥያቄውን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። የቦረና ላም ሽል በሙቀት ጊዜ የትኞቹን ጂኖች ያበራል? በየትኛው ሕዋስ ውስጥ? ከውጭ በመጣ አባላዘር የተዳቀለው ሽልስ ያንኑ ያደርጋል? ጥቂት ሕዋስ ያለውን ሽል በባለ ሦስት አውታር ማየት የሚያስችለው መሣሪያ ዛሬ በዓለም ብዙ ቦታ አለ። ጥያቄውን በቦረና ላም ስም የሚጠይቅ ግን ከደቡብ ቆላ አልወጣም።

ለዓመታት የሀገሪቱ የማዳቀል ሥራ ዓይኑን የጣለው በወተት ላይ ነው። ከቃሊቲ የሚሠራጨው የሆልስታይንና የጀርሲ አባላዘር ለአዲስ አበባ ዙሪያ ደጋ ብዙ ጠቅሟል። ሁሉንም ላም በአንድ ሚዛን መመዘን ግን ለቆላው አይሆንም። በቆላ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሊትር ታለበች የሚለው አይደለም፤ በሙቀቱ ይዛ ትቆያለች ወይ የሚለው ነው።

ናይሮቢ የተወለደው ተስፋ

የቦረና ከብት ሽል ጉዳይ ገና ወደፊት የሚመጣ ነገር የሚመስለው ካለ ናይሮቢን ይመልከት። እዚያ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) «ቱማይኒ» የተባለ ኮርማ ተወልዷል፤ በስዋሂሊ ተስፋ ማለት ነው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቱማይኒ ከቦራን ሽል በተወሰደ ሕዋስ በክሎኒንግ የተገኘ ነው። ሥራው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1996 በግ ዶሊን ካስወለደው የስኮትላንዱ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር ነው።

ዓላማው ገንዲ ነው። የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ የአፍሪካን ከብት ይፈጃል። ዝንጀሮ ግን በደሙ ውስጥ ጥገኛውን የሚገድል ፕሮቲን አለው። ውጥኑ ያንን ጂን ለቦራን ከብት መስጠትና ገንዲን የሚቋቋም ከብት ማግኘት ነው። ቱማይኒ የመንገዱ የመጀመሪያ እርምጃ ነበር፤ የቦራን ከብት በዚህ ዘዴ ጤነኛ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል ማሳያ።

ይህ መልካም ሥራ ነው። ቢሳካ ለጋምቤላም ለኦሞም አርብቶ አደር ይተርፋል። ግን የሽል ምስል አስፈላጊነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጂን ከዝንጀሮ ወደ ላም ሲገባ የት እንደሚበራ ማወቅ ግድ ነው። በጉበት ብቻ ከበራ አንድ ነገር ነው፤ ሽሉ እየተሠራ ሳለ በአንጎል ወይም በልብ ላይ ከበራ ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀንድ እንዳያወጡ ጂናቸው ተስተካክሎ የተወለዱ ጥጃዎች ይፋ ተደርገው ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሲመረምር ያልታሰበ የባክቴሪያ ዲኤንኤ አብሮ ገብቶ አገኘ። ጥጃ ጤነኛ መስሎ መወለዱ ብቻ በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሽሉ እንዴት እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ለማየት ደግሞ ያልተነካ የቦረና ሽል ማነጻጸሪያ ይፈለጋል። መደበኛው ሳይታወቅ ከመደበኛው የወጣው አይታወቅም።

ያ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? የላም ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም የተነበበው ዶሚኔት የተባለች የሄርፎርድ ላም ዲኤንኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኔቸር ጄኔቲክስ» ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ደግሞ 172 የአፍሪካ አገር በቀል ከብቶችን ከ16 ዝርያ አንብቧል፤ ከሙቀትና ከበሽታ ጋር የተያያዙ የሚመስሉ የጂኖም ክፍሎችንም ለይቷል። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ዝርዝር ነው። የዝርዝሩ እያንዳንዱ መስመር በሽሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ገና መታየት አለበት። የላምና የግመል ጣት ያስተማረው ይህንኑ ነው።

«ውኃ ለሌለው ማይክሮስኮፕ?»

ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የኤላው ውኃ በሰው ጉልበት በሚቀዳበት፣ የእንስሳት ክትባት በጊዜው በማይደርስበት አካባቢ ስለ ሽል ምስል ማውራት ቅንጦት ይመስላል። የነገሌ ሰው ቀዳሚ ጥያቄ መንገድ፣ ውኃና ሰላም ነው። የልማት ገንዘብ ከውኃ ጉድጓድ ተቀንሶ ለሌዘር ይዋል የሚል ካለ ተሳስቷል።

ግን የሚፈለገው ያ አይደለም። በብርሃን ሽፋን የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ፕላኑ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ኦፕንስፒም» በሚል ስም ለማንም በነፃ ተለቋል። የሁይስከን ቡድን ደግሞ «ፍላሚንጎ» የተባለ በሣጥን ተጭኖ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ የሚዞር ማይክሮስኮፕ ሠርቷል። መሣሪያው ወደ ናሙናው መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሌ ላይ ማይክሮስኮፕ መትከል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፑ ሲመጣ የሚያየው ነገር መኖሩ ነው።

ያ ደግሞ ርካሽ ነው። የሥጋ መርማሪ የሆነ የእንስሳት ሐኪም በቄራ ውስጥ እርጉዝ ላም ታርዳ ማግኘቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ በድርቅ ጊዜ እንስቷ ሁሉ ወደ ገበያ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ሽሉ ይጣላል። እንዳይጣል የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ናሙና የሚጠብቅ ፈሳሽ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማስመሪያ፣ መዝገብና አንድ የሠለጠነ ሰው። አርኤንኤ ቶሎ ስለሚበላሽ ሽሉ ከእርዱ ብዙ ሳይቆይ ፈሳሹ ውስጥ መግባት አለበት። ዕድሜው ከራሱ እስከ ጭራው ሥር ባለው ርዝመት ይገመታል። እናቲቱ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣች፣ ቆርቲ ትሁን አዩና፣ በየትኛው ወቅት እንደታረደች ይጻፋል። ይህን የሚያስተምር ኮሌጅ በቢሾፍቱ አለ። ሊይዘው የሚችል የአርብቶ አደርና የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል በያቤሎ አለ። ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲም ከዚያው ቀጣና ነው። የቦረናን ዝርያ ለመጠበቅ የተቋቋመው የዲድ ቱዩራ ራንችም ከያቤሎ ብዙ አይርቅም።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ግን አለ። ሽል ዋጋ ካወጣ እርጉዝ ላም ማረድ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ለሽሉ ለባለ ከብቱም ለነጋዴውም ገንዘብ መክፈል አይገባም። ክፍያው ለሠራተኛው ደመወዝ ይሁን፤ ጥቅሙም ለማኅበረሰቡ በሌላ መንገድ ይመለስ። እርጉዝ ላም እንዳትታረድ የሚደረገው ቁጥጥርም በዚህ ሰበብ መላላት የለበትም። የሚሰበሰበው ያለዚያም የሚጣለው ብቻ ነው።

ጤፍ ያስተማረው

ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ የማን ነው? ኢትዮጵያ በዚህ ላይ በደንብ የተገረፈች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ተፈረመ። ኩባንያው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት በአውሮፓ ያዘ፤ ኢትዮጵያ የጠበቀችውን ጥቅም ሳታገኝ ኩባንያው ከሰረ። የሆላንድ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ያንንም ያስደረገው የኩባንያዎች ክርክር እንጂ የኢትዮጵያ ክስ አልነበረም።

ሕጉ አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም የጄኔቲክ ሀብት ከአገር ሲያወጣ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ጥቅሙንም ከማኅበረሰቡ ጋር እንዲካፈል ያዛል። ኢትዮጵያ የናጎያ ፕሮቶኮልም አባል ናት። ግን እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ በአእምሮ የነበረው ዘርና ቲሹ ነው፤ በከረጢትና በብልቃጥ የሚወጣ ነገር። የሽል ምስል ብልቃጥ አይፈልግም። ሽሉ ያቤሎ ሆኖ፣ ምስሉ በአንድ ጠቅታ ኤድንብራ ይደርሳል። ከምስሉ የተገኘው ዕውቀት ወደ አዲስ የማዳቀል ዘዴ ወይም ወደ ጂን ማስተካከያ ሲለወጥ የቦረና ስም በየትኛው መስመር ይጻፋል? የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይህን ጥያቄ መጀመሪያው ሽል ከመታየቱ በፊት መመለስ አለበት። ጤፍ ያስተማረው ውል ከዕውቀቱ ቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ነው።

መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ምስሉን ማንም እንዳያየው ቆልፎ ማስቀመጥ ሽሉን ጉድጓድ ከመጣል ብዙም አይለይም። የኤድንብራው የአይጥ አትላስ የጠቀመው ክፍት ስለሆነ ነው። ሚዛኑ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ምስሉ ለምርምር ክፍት ይሁን፤ ከየት እንደመጣ የሚናገር የማይነጠል መለያ ይኑረው፤ ለንግድ የሚጠቀምበት ሁሉ አስቀድሞ ይዋዋል፤ በየጥናቱ ቢያንስ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ በማይክሮስኮፑ ፊት ይቀመጥ። የመጨረሻው ነጥብ ከገንዘቡ ይበልጣል። ገንዘብ ያልቃል፤ የቦረናን ላም ሽል ለመጀመሪያ ጊዜ አይታ ጥያቄውን የጠየቀች የቡሌ ሆራ ልጅ ግን ተማሪ ታፈራለች።

ከዚህ በኋላ

የቦረና ሰው መንጋው ሲያልቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው ሥርዓት ያለው ለሌለው ከብት ያዋጣል፤ ቤቱ ዳግም ይቆማል። መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ከድርቁ በኋላ ከብት ገዝተው ሲያከፋፍሉ ደግሞ ከየትም ገበያ የተገኘውን ይሰጣሉ። የትኛው ላም ለዚያ ሜዳ እንደሚሆን ሽማግሌው ያውቃል፤ ሳይንሱ ደግሞ ለምን እንደሚሆን ሊያሳይ ይችላል። ሁለቱ ሳይገናኙ በቀሩ ቁጥር መንጋው በቁጥር ይመለሳል፣ በዓይነቱ ግን ይሳሳል።

ለግብርና ሚኒስቴር፣ ለኦሮሚያ ክልልና ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሚቀርበው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ቄራ ለአንድ ዓመት፣ በሁለቱም የዝናብ ወቅት፣ የሚጣለው የላምና የግመል ሽል ይሰብሰብ፣ ይለካ፣ ይመዝገብ። ውሉ አስቀድሞ ይጻፍ። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ያላቸው ይጠሩ። የሚቀጥለው ድርቅ መምጣቱ አይቀርም፤ እንስቷም እንደገና ወደ ገበያ ትወጣለች። ያን ጊዜ የሥጋ መርማሪው በእጁ የያዘውን ሽል የሚያስቀምጥበት ብልቃጥና የሚጽፍበት መዝገብ ሊኖረው ይገባል።